ሩቅ አሳይ ሌንስ ለምኔ?

ካሜራ የገዛ ሰው ጥያቄ አያጣም። መጀመሪያ «የቱን ካሜራ ልግዛ?» ይላል። ከገዛ በኋላ ሦስት አራት ወር ድምፁ ይጠፋል፤ አበባ ያነሳል፣ እህቱን ያነሳል፣ ኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ወጥቶ የምትጠልቅ ጀንበር ያነሳል። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል፦ «ሁለተኛ ሌንስ ምን ልግዛ?»

መልሱ ሁሌም አንድ ነው። ሻጩም፣ ሰርግ የሚያነሳው የሰፈር ልጅም፣ ከዱባይ ዕቃ የሚያመጣው ዘመድም በአንድ አፍ «ዙም!» ይላሉ። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሩቅ አያሳይም፤ እንግዲያው ሩቅ የሚያሳይ ይጨመርበታ! 75-300፣ 70-300፣ 55-250… ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ዕቃው ረዘም ከበድ ይላል፣ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ባለቤቱን ባለሙያ ያስመስለዋል። ምን ይጎድለዋል?

እኔ ግን አትግዙት ባይ ነኝ። ሦስተኛ ይሁን፣ አራተኛ ይሁን፤ ሁለተኛ ግን አይሁን። ሁለተኛው ሌንስ አጭር፣ ቀላል፣ ምንም ዙም የማያደርግ፣ ግን ብርሃን እንደ ልብ የሚያስገባ ይሁን። በቁጥር ስንጠራው 50 ወይም 35 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8። ይህን የምለው በከፊል ስለ ብርሃን ብዬ ነው። በይበልጥ ግን ስለ ሰው ብዬ ነው።

በብርሃኑ እንጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ሕይወታችን የሚካሄደው የት ነው? ቡና የሚፈላው ቤት ውስጥ ነው። የልደት ዳቦ የሚቆረሰው ቤት ውስጥ ነው። ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ሙሽራ የምትሸኘው፣ ለቅሶ የሚደረሰው ጣሪያ ሥር ነው፤ ድንኳንም ቢሆን ጣሪያ ነው። ጓደኛሞች የሚሰባሰቡበት ካፌ ደግሞ መብራቱን ሆን ብሎ የሚያደበዝዝ ነው። ታዲያ 18-55ን እስከ ጫፉ ስባችሁ 55 ላይ ስታደርሱት ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ለጀማሪዎች ልንገራችሁ፤ ኤፍ የሚባለው ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚከፈት ይናገራል፤ ጉዱ ግን ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው መስፋቱ ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አሥር እጥፍ!

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ማታ በአንዲት አምፖል ብርሃን ካሜራው በኤፍ 5.6 የሰከንድ 1/6 ጠየቃችሁ እንበል። በ1/6 ማንም በእጁ ይዞ ጥርት ያለ ፎቶ አያነሳም፤ እጁ ቢጸናለት እንኳ ቡና የምትቀዳው ልጅ እጅ አይቆምለትም። በኤፍ 1.8 ግን ያው አምፖል፣ ያው ክፍል፣ 1/60 ይሰጣችኋል። ጀበናውም ይታያል፣ የሚወርደው ቡናም ይታያል፣ እጇም እጅ ይመስላል።

«አይኤስኦውን ብጨምረውስ?» ትላላችሁ። ጨምሩት፤ ግን ርካሽና አሮጌ ካሜራ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ፎቶው እንደ ጤፍ ይነሰነሳል። «ፍላሽስ?» ፍላሽማ አለ። ካሜራው ራስ ላይ ብድግ የምትለዋ ትንሿ ፍላሽ የአያትን ፊት እንደ መታወቂያ ፎቶ ታነጣዋለች፣ ጀርባውን ታጨልመዋለች፣ የዕጣኑን ጭስ ካገኘች ደግሞ ሁሉን ነጭ አድርጋ ትገላግላችኋለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቅዳሴ መሃል ፍላሽ የሚያበራ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ዙሙ በዚህ ሁሉ አይረዳም፤ እንዲያውም ያብሳል። የርካሾቹ ዙሞች ጫፍ 300 ላይ ያው ኤፍ 5.6 ነው። ሌንስ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጎላል፤ በጀማሪ ካሜራ ላይ 300ን በእጅ ይዞ ለማንሳት እስከ 1/500 ድረስ መሄድ ግድ ይላል። ይህ የሚገኘው በጠራራ ፀሐይ ነው። አንዳንዱ ዙም መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ነገር ተሠርቶለታል፤ የካኖን 75-300 ግን በአብዛኛው የለውም፤ ያለው ሌንስም ቢሆን የእናንተን እጅ እንጂ የሚነሳውን ሰው አያቆምም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 50 ወይስ 35? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደጋግመው ነገር አለ፦ «50 ሰው በዓይኑ እንደሚያየው ያሳያል፤ ታላቁ ፈረንሳዊ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶንም በ50 ነበር የሚሠራው»። እውነት ነው፤ እሱ ግን ይሠራበት የነበረው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። የጀማሪ ዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ከዚያ ፊልም ያነሰ ስለሆነ ምስሉን ከዳር ከዳር ይቆርጠዋል፤ 50 በካኖን ላይ 80፣ በኒኮን ላይ 75 እንደሆነ ቁጠሩት። ሚሊ ሜትር ለማይገባው በሜትር ልንገር። ከአንድ ሰው ሦስት ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ፣ በካኖን ላይ ያለ 50 ወርዱ 1.3 ሜትር የሆነ ነገር ያሳያችኋል። የኒኮን 35 ደግሞ 2 ሜትር ያህል። የካኖን 24 (እሱም አለ፤ ስስ ብስኩት የምታህል ኤፍ 2.8 ናት) 2.8 ሜትር ገደማ።

በአዲስ አበባ ሳሎን ደግሞ ሦስት ሜትር ወደኋላ ማለት ብርቅ ነው፤ ወይ ቡፌ ይይዛችኋል፣ ወይ ግድግዳ። በ50 ቡና የምትቀዳዋን ልጅ ከነረከቦቱ ታገኛላችሁ፤ ዙሪያዋን የተቀመጡትን ጎረቤቶች ግን አታገኙም። ስለዚህ ኒኮን የያዘ ሰው ብዙ ሳይጨነቅ 35 ኤፍ 1.8ን ይግዛ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚሁ ዓይነት ካሜራ ተብሎ የተሠራ ነው። ካኖን የያዘ ሰው ትንሽ ይቸገራል፤ በዚያ ዋጋ እኩያው የለውም። 24ቷ ቤቱን ታሳያለች ግን ብርሃኗ ከ50ው ከግማሽ በታች ነው። እኔን ካላችሁ፣ 50ውን። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ኤስቲኤም» የሚባለው ገበያ ሲገባ ዋጋው 130 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ከነገሮች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ክፍሉን ለማሳየት 18-55ቱ አለላችሁ፤ እሱን ማን ወሰደባችሁ?

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና አለ። የ18-55ቱን ቀለበት 35 ላይ አድርጉና በፕላስተር ለጥፉት፤ አንድ ሳምንት እንደዚያው አንሱ። ቀጥሎ 50 ላይ ለጥፋችሁ ሌላ ሳምንት። የትኛው ላይ እንደተበሳጫችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ከኢንተርኔት ግምገማ የተሻለ ምስክር ነው።

ብርሃኑን እዚህ ላይ ልተወው። ዋናው ነገር ርቀቱ ነው።

አንድን ሰው ከወገቡ በላይ በቁም ፍሬም ለማንሳት በ50 ሁለት ሜትር ያህል መቅረብ አለባችሁ። ሁለት ሜትር የሰላምታ ርቀት ነው። ሰውየው ያያችኋል፣ ይሰማችኋል፣ ምን ፈለግሽ ሊላችሁ ይችላል። ያንኑ ፎቶ በ300 ከ12 ሜትር ላይ ታነሱታላችሁ። 12 ሜትር ማለት አስፋልት ማዶ ነው። ሰውየው ጭራሽ አያውቅም።

እናም ብዙዎቻችን ዙም የምንገዛው ሩቅ የሚነሳ ነገር ስላለን አይመስለኝም። ስለምናፍር ነው።

ማፈሩ አያስወቅስም። እኛ አገር ሰው ላይ ካሜራ መደገን ከባድ ነው፤ ሴት ስትሆኚ ደግሞ «እኔንስ አታነሺኝም?» የሚል ጎረምሳ ከየማዕዘኑ ይወጣል። ችግሩ የእፍረታችን ዋጋ የሚከፈለው በማን ፊት ነው የሚለው ላይ ነው። በየኢንስታግራሙ እና በየቴሌግራሙ የምናያቸውን ፎቶዎች አስታውሱ፦ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የተቀመጡ የኔ ቢጤ እናት፣ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ፣ ማስቲሽ የያዘ ልጅ፣ ተሸካሚ። ጥቁርና ነጭ ተደርጎ፣ መሸብሸቡ ጎልቶ፣ ሥሩ «ሕይወት…» ተብሎ። ስም የለም። ዕድሜ የለም። ሰፈር የለም። ጋዜጠኝነት ስንማር ከፎቶ ሥር የሚጻፈው የመጀመሪያ ነገር ስም ነው ተብለናል፤ ስም ለማግኘት ደግሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ ለመጠየቅ መቅረብ። ደቡብ ኦሞ ሄዶ ሰውን እንደ አራዊት በረጅም ሌንስ የሚያነሳ ቱሪስት ስናይ እንናደዳለን። ልክ ነን። ግን ያው ሌንስ በእኛ እጅ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሲሆን ስሙ «ስትሪት ፎቶግራፊ» ይሆናል።

ሕጉ ራሱ ከምንገምተው በላይ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ ሰውየው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስና ለባህል ጥቅም፣ ወይም ፎቶው ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገርና ሥነ ሥርዓት ጋር ከተያያዘ። እንግዲህ ጥምቀት በአደባባይ የሚደረግ ሥነ ሥርዓት ነው። ሰላማዊ ሰልፍም እንዲሁ። አንዲት እናት አጥር ሥር ቁጭ ማለታቸው ግን፣ እንደ እኔ አረዳድ፣ ሥነ ሥርዓት አይደለም፤ ድህነታቸው ነው።

መጠየቅ ምን ያመጣል? አንዳንዴ «አይሆንም» ያመጣል። ይሁና። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ስትሏቸው «የት ልታወጪው ነው?» ይሏችኋል፤ ጥያቄው ከብዙ አዘጋጆች ጥያቄ ይሻላል። ወይም «ስንቱ አንስቶኝ ሄደ፤ አንዱም አላመጣልኝ» ይሏችኋል። ይህቺን ቃል ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው ሁሉ ሳይሰማት አይቀርም፤ መልሷም ፎቶ ቤት ሄዶ አሳጥቦ ወስዶ መስጠት ነው፣ ሌላ መልስ የላትም። ሲፈቅዱ ደግሞ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ፊታቸው እንደ ድሮ ፎቶ ይኮሳተራል። «ተፈጥሯዊ አልሆነም» ብላችሁ አትዘኑ። ሰው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ነው ያሳያችሁ። የተፈጥሮውን ከፈለጋችሁ ተቀመጡ፤ ቶና ላይ ፈገግ ይላሉ፣ በረካ ላይ ካሜራው ይረሳል። ለዚያም ቢሆን ሁለት ሜትር ላይ የሚሠራ ሌንስ ነው የሚያስፈልገው።

የምንቀርጸው ነገር ደግሞ እየጠፋ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ፎቶው ጎርፎ ነበር፤ እኔ ያየኋቸው በአብዛኛው ከመንገድ የተነሱ ናቸው፦ በረንዳ፣ ቆርቆሮ፣ ኤክስካቫተር፣ አቧራ። እነዚያ ቤቶች ውስጥ ሰው ኖሯል። ምድጃው የት ነበር? ግድግዳው ላይ የማን ፎቶ ተሰቅሎ ነበር? ያንን የሚያውቀው በሩን አንኳኩቶ የገባ፣ ገብቶም በዚያ ጭላንጭል ብርሃን ማንሳት የሚችል ሌንስ የያዘ ሰው ነው። በ300 በር ዘልቆ አይገባም።

በነገራችን ላይ፣ 50 ኤፍ 1.8ን የሚገዙት ብዙዎች የሚገዙት ለሌላ ምክንያት ነው፤ ጀርባውን ለማደብዘዝ። ይህ ነገር ልክፍት ሆኗል። ፊቱ ጥርት፣ ጀርባው ወተት። ደስ ይላል፣ አልክድም፤ ግን የአክስታችሁን ቤት ግድግዳ፣ የብርጭቆ መደርደሪያውን፣ የ1970ዎቹን የሰርግ ፎቶ አደብዝዛችሁ ስታጠፉት አክስታችሁ የትም ቤት ያለች ሴት ትሆናለች። ደግሞም በሁለት ሜትር ርቀት በኤፍ 1.8 ጥርት የሚለው ወደ 11 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስፋት ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ከተቀመጠ አንዱ ይጠፋል። ብርሃን ካለ ወደ 2.8 ወይም 4 ዝጉት። ስፋቱ ለችግር ቀን ነው።

ዙም ለማን ነው ታዲያ? ስታዲየም ለሚገባ ነው፤ ኳሱ ወደ እናንተ አይመጣም። ወፍ ለሚወድ ነው። ጃን ሜዳ ላይ ታቦቱ በሕዝብ ተከቦ ሲያልፍ መቅረብ ለማይችል ነው። (ጭላዳ ለማንሳት ግን አያስፈልግም፤ ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎቹ ጥቂት ሜትር ላይ ተቀምጠው ሣራቸውን ይነጫሉ፣ ከምንም አይቆጥሯችሁም።) ለዜና ሰውም ነው፤ አንዳንድ ሐዘን ይመዘገባል እንጂ «ላንሳዎት?» አይባልበትም። ሙሉጌታ አየነ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ስፍራ የሰበሰባቸው ምስሎች እ.ኤ.አ. በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አግኝተዋል፤ ያ ሐዘን የሕዝብ ሐዘን ነበር፣ መመዝገቡም የሕዝብ ጉዳይ ነበር። የእኔ ነገር ካሜራ ከገዛ አራት ወር የሆነውን ሰው ነው። እሱ የሚጎድለው ርቀት አይደለም።

እሺ ብላችሁ ልትገዙ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት የገበያ ነገር ልጨምር። ትልቁ ወጥመድ ያለው ኒኮን ላይ ነው። ዲ3100፣ ዲ3200፣ ዲ5100፣ ዲ3500 የመሳሰሉት የጀማሪ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ሞተሩ ሌንሱ ላይ መኖር አለበት። ስለዚህ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ግዙ። «ኤኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ዲ» የሚለው አሮጌው ይረክሳል፣ ይገጥማል፣ ፎቶም ያነሳል፤ ፎከሱን ግን በእጃችሁ ስታዞሩ ልትኖሩ ነው። ካኖን ላይ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም፤ «ኢኤፍ» እና «ኢኤፍ-ኤስ» ሁለቱም የጀማሪ ካሜራ ላይ ይሠራሉ። መስታወት አልባዎቹን አዳዲስ ካሜራዎች የያዘ ግን «አርኤፍ» የሚለውን ይፈልግ፣ ወይም አስማሚ ይግዛ። ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነ «ሃምሳ ሌንስ» ብላችሁ አትላኩ፤ የካሜራችሁን ስም፣ የሌንሱን ሙሉ ስም ከነፊደሉ ጻፉለት፤ አለዚያ ሻጩ ያዘዘውን ይዞ ነው የሚመጣው።

ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ አዲስ ዕቃ እንዴት እንደናረ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በጎ ጎኑ፣ ብዙ ባለሙያ ወደ መስታወት አልባ ካሜራ እየተሻገረ ስለሆነ ያገለገሉ 50ዎች በየቴሌግራሙ ይሸጣሉ። ስትገዙ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ገጥማችሁ ቅርብና ሩቅ ላይ ፎከስ አድርጉ፤ ከተንተባተበ ተዉት። ከዚያ ሌንሱን ነቅላችሁ የስልክ መብራት በአንዱ ጫፍ አብሩና በሌላው ተመልከቱ። አቧራ ብዙም አይጎዳም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ በምንም ዋጋ አትውሰዱት። የራሳችሁንም ክረምቱን ሙሉ ከቆዳ ቦርሳው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አትዝጉበት፤ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው።